የዶሜይን ስም ሰርቨር ቤት ውስጥ ስታቆሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ድረ ገጹን ያስቀመጠው ጀርመን ውስጥ በተከራየው ሰርቨር ላይ ነው። የዶሜይን ስሙን የሚመልሰው ሰርቨር ግን ሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ስር ነበር። ሰፈሩ ላይ መብራት ሲሄድ፣ ጀርመን ያለው ማሽን ምንም ሳይሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ድረ ገጹ አይከፈትም። ኢሜይልም አይደርሰውም። ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይርለት አንድ ማሽን ብቻ ነበር፤ እሱም ጠፍቷል።

ቤት ውስጥ ሰርቨር ማቆምን አልቃወምም። የኢንተርኔትን አሠራር ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ቢንድም ሆነ ኤንኤስዲ፣ በነፃ ይገኛሉ፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃቸዋል። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ማሽን በሁለት ስም

ዶሜይን ስታስመዘግቡ ቢያንስ ሁለት የስም ሰርቨር ስጡ ትባላላችሁ። ብዙ ሰው አንዱን ላፕቶፕ ሁለት ስም ይሰጠውና ያልፋል። ሁለት የተባለው ግን አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲመልስ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት መመሪያም ሰርቨሮቹ በተለያየ ቦታና በተለያየ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ ይላል። አንዱን እናንተ ቤት፣ ሌላውን ጎረቤት ማስቀመጥም አይረዳም፤ መብራቱ አብሮ ነው የሚሄደው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ የቤቱ ሰርቨር ዋናው ይሁን፣ ግን ለውጭ ሰው አይታይ። የዶሜይኑ ስሞችና አድራሻዎች የሚሰፍሩበትን ዞን ፋይል እዚያ ትጽፋላችሁ። ሌላ ቦታ ያሉ ሁለት ተከታይ ሰርቨሮች ቅጂውን እየወሰዱ ለጠያቂው ይመልሳሉ። የዶሜይን መዝጋቢው ዘንድ የሚሰፍረውም የእነሱ ስም ብቻ ነው። ዞን ፋይሉ ላይ ያለውን የቅጂ ማብቂያ ጊዜ (expire) 1209600 ሰከንድ ካደረጋችሁት፣ የእናንተ ቤት ቢጨልምም ቅጂው 14 ቀን ይሠራል። ቅጂውን መውሰድ የሚችሉት ግን እነዚያ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን አረጋግጡ።

የራሳችሁ ያልሆነ አድራሻ

ራውተሩ ላይ የምታዩት የውጭ አይፒ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ፣ አድራሻውን ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይደርሳችሁም። ያኔ ወይ ቋሚ አድራሻ መግዛት ነው፣ ወይ ከውጭ ሰርቨሮቻችሁ ጋር በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ መገናኘት።

አድራሻው የሚቀያየር ከሆነም ችግር አለ። የስም ሰርቨሩ ስም በራሱ ዶሜይን ስር ሲሆን፣ አይፒው መዝጋቢው ዘንድም መመዝገብ አለበት። አለዚያ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው። ቤት ያለው አድራሻ ተቀይሮ መዝጋቢው ዘንድ ያለው ካልተቀየረ ማንም አያገኛችሁም።

ለመጣው ሁሉ መመለስ

ይህ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሰርቨራችሁ ስለ ራሳችሁ ዶሜይን ብቻ ይመልስ። ለማንም ሰው ስለ ማንኛውም ስም እየፈለገ የሚመልስ ከሆነ፣ አጥቂዎች የሌላ ሰው አድራሻ አስመስለው ትንሽ ጥያቄ ይልኩለታል። ትልቁ መልስ በዚያ ሰው ላይ ይዘንባል። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የስፓም ኢሜይል ላኪዎችን በሚከታተለው ድርጅት በስፓምሃውስ ላይ የተፈጸመው ግዙፍ ጥቃት እንዲህ ክፍት በተተዉ ሰርቨሮች ነው የተሠራው። ቢንድ ላይ ከሆናችሁ ስለ ሌሎች ስሞች እየፈለገ እንዲመልስ የሚፈቅደውን፣ ሪከርሽን የሚለውን ቅንብር ዝጉት።

ሲሪያል ቁጥሩና የእኛ ዘመን አቆጣጠር

ዞን ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ሲሪያል ቁጥሩ መጨመር አለበት። ተከታዮቹ ሰርቨሮች አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቁት በእሱ ነው። የተለመደው ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሁለት ተራ ቁጥር መጻፍ ነው።

ከወዳጄ ጋር በአዲሱ ዓመት መግቢያ አንድ አድራሻ ቀየርን። የቀድሞው ቁጥር 2025090801 ነበር። እኛ መስከረም 5 ብለን 2018010501 ጻፍን። ቁጥሩ ወደ ኋላ ሄደ። ተከታዮቹ የእነሱ ቅጂ አዲስ መስሏቸው አሮጌውን ይዘው ቀሩ፤ ምንም የስህተት መልእክት አልመጣም። ሁለት ቀን ኬብልና ራውተር ስንፈትሽ ከረምን። በየትኛውም አቆጣጠር ጻፉ፣ ግን አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ።

እዚያው ፋይል ላይ ሙሉ ስም ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ነጥብ አትርሱ። ነጥቧ ከሌለች ሜይል.ሱቅ.ኮም የሚለው ሜይል.ሱቅ.ኮም.ሱቅ.ኮም ይሆናል።

በጥቂቱ ደግሞ፦ የስም ጥያቄ የሚገባበትን ፖርት 53 ዩዲፒ በሚባለው የመላኪያ ዘዴ ብቻ አትክፈቱ፣ ረጅም መልስ ቲሲፒ በሚባለው ሌላው ዘዴ ነው የሚያልፈው። አድራሻ ልትቀይሩ ስታስቡ ሌሎች ሰርቨሮች መልሳችሁን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ቲቲኤሉን፣ ከ86400 ወደ 300 ሰከንድ አውርዳችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ማሽኑ ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ከሆነች በመብራት መቆራረጥ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የአዳማ ሙቀትና አቧራም አለ፣ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት።

ከቤት ብቻ መሞከር

ከራሳችሁ ዋይፋይ ስትጠይቁ ሁሉም የሚሠራ ይመስላል። ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ጠይቁ። ከዚያ የቤቱን ሰርቨር ከሶኬት ንቀሉና ሁለቱን ተከታዮች በየተራ ጠይቁ። ሁለቱም ከመለሱ ሶኬቱን መልሱ።