የመሬት መሽከርከር የሲንክ ውሃን ያዞራል? ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሞከር

ከምድር ወገብ በላይ ውሃ ወደ ግራ፣ ከምድር ወገብ በታች ደግሞ ወደ ቀኝ እየዞረ ይወርዳል ሲባል ሳይሰሙ አልቀሩም። ሳይንሱ ውሸት አይደለም። ሲንክ ላይ ግን አይሠራም። በእጅዎ ሞክረው ይዩት።

መጀመሪያ ሲንኩን ደፍነው ውሃ ይሙሉ። ውሃውን በእጅዎ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ቀኝ፣ ያዙሩት። ላዩ የረጋ እስኪመስል ትንሽ ይጠብቁና መድፈኛውን ይንቀሉ። ውሃው ወደ ቀኝ እየተሽከረከረ ይወርዳል። አሁን ወደ ግራ አዙረው ይድገሙት። አቅጣጫው ይገለበጣል። ምክንያቱም የረጋ በሚመስል ውሃ ውስጥ የእጅዎ ዙር ገና አልጠፋም። መሬት በቀን አንዴ ብቻ ስለምትዞር የእሷ ድርሻ ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው።

የመሬትን ድርሻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አሜሪካ ቦስተን አጠገብ ያለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሸር ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ውጤቱን ያወጡት 1.8 ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር የውሃ ጥልቀት ባለው ክብ ገንዳ ነው። የእሳቸውን መንገድ መከተል ከፈለጉ፣ ሰፊ ክብ ሳፋ ያዘጋጁ። መሐሉን በስተታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቀዳዳ ይብሱና ረጅም ቱቦ ይግጠሙበት። የሚዘጋው የቱቦው ጫፍ ነው፤ መድፈኛ ከላይ መንቀል ራሱ ውሃውን ይበጠብጠዋል። ሲሞሉት ሆን ብለው ወደ ቀኝ እንዲዞር ያድርጉ። ከዚያ ንፋስ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍነው ለ24 ሰዓት ይተዉት። የክፍሉ ሙቀትም መለዋወጥ የለበትም። በመጨረሻ የተጣመሩ ሁለት ቀጭን እንጨቶች መሐሉ ላይ ያንሳፍፉና ቱቦውን ቀስ ብለው ይክፈቱ።

ሻፒሮ የመጀመሪያዎቹን 12 ደቂቃዎች ያህል ምንም መዞር አላዩም። ቆይቶ ግን እንጨቱ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፤ በአሞላሉ ከተሰጠው አቅጣጫ ተቃራኒ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከምድር ወገብ በታች ባለችው የአውስትራሊያ ከተማ ሲድኒ ላይ ሲሞከር ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረ።

አዲስ አበባ ያለ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ፣ የመሬት መሽከርከር ውሃውን የማዞር ኃይሉ ሻፒሮ ከሠሩበት ቦታ ሩብ እንኳ አይሞላም። ምድር ወገብ ላይማ ዜሮ ነው። ታዲያ የምድር ወገብ መስመር በሚያልፍባት የኬንያ ከተማ ናንዩኪ ላይ ሳፋ ይዘው ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ እየተራመዱ ውሃ በተለያየ አቅጣጫ ሲያዞሩ ለቱሪስት የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ከገጠምዎት ሳፋውን ሳይሆን ሰውየውን ይመልከቱ፦ ውሃውን በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ ሲመለስም በየት በኩል እንደሚዞር።