ደጋፊ ማይክ ተገዝቶም ያልጠፋ ጫጫታ፦ የጆሮ ማሽን ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጆሮ ማሽን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነው። ሰው ሲበዛ ግን ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ደጋፊ መሣሪያ እንጨምራለን። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ሊሆን ይችላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማይክ ወይም ጫጫታ የሚያጣራ አፕ የተጫነበት ስልክም ይሆናል። ከዚያ ሞክረን ጫጫታው ያው ሲሆንብን "ዕቃው አይረባም" ብለን መሳቢያ ውስጥ እንወረውረዋለን። የእኔም የጠረጴዛ ማይክ ወራት እዚያው ከርሟል። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

መጀመሪያ ጫጫታው የገባበትን በር ፈልጉ

ጫጫታ ወደ ጆሯችሁ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ደጋፊው ማይክ ነው። ሌላው የጆሮ ማሽኑ የራሱ ማይክ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ጆሮ ውስጥ በሚገባው ላስቲክ ቀዳዳና ዳር ዳር በቀጥታ የሚሾልክ ድምፅ። በሩን ሳያውቁ አፕ መነካካት ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ሙከራው ቀላል ነው። ጫጫታ ያለበት ቦታ ተቀመጡና ደጋፊውን አገናኙ። ከዚያ የጆሮ ማሽኑን በሚቆጣጠረው የስልክ አፕ የማሽኑን ማይክ ዝጉ። ጫጫታው በደንብ ከቀነሰ፣ ሲያስገባ የነበረው እሱ ነው። ካልቀነሰ ደጋፊውንም አጥፉት። አሁን ጸጥ አለ? እንግዲያው ጫጫታውን ለቃቅሞ የሚያመጣው ደጋፊው ነው። ሁሉም ተዘግቶ አሁንም የሚሰማችሁ ደግሞ በላስቲኩ በኩል የሚሾልከው ነው።

"ማይኩ የሁሉንም ሰው ድምፅ እኩል ያሰማኛል"

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ርቀት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የንግግር ድምፅ 6 ዲሲቤል ያህል ይወርዳል። በዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ማይኩ የትም ቢሆን ያው ነው። ተናጋሪው 2 ሜትር ርቆ ሳለ ማይኩን ወደ አፉ 20 ሴንቲሜትር ብታስጠጉት፣ ንግግሩ ከጫጫታው አንጻር ከበፊቱ 20 ዲሲቤል ገደማ ከፍ ይላል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፅ ስለሚመልስ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ትልቅ ነው። የጆሮ ማሽን አቅጣጫ መራጭ ማይኮች የሚሰጡት ጥቂት ዲሲቤል ብቻ ነው። የትኛውም ውድ ማጣሪያ ማይክን የማስጠጋት ያህል አይሠራም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የእኔም ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ማይኩን የማስቀምጠው ከራሴ ፊት ለፊት ነው፤ የእኔ ዕቃ ነዋ! ማይኩ መቀመጥ ያለበት ግን ከተናጋሪው ዘንድ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ከሆነ ከአፍ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር፣ ደረት መሃል ላይ ይሁን። ኮሌታ፣ ሻርፕና የአንገት ሐብል አይነካው፤ ያለዚያ የምትሰሙት ፍትጊያ ብቻ ነው። የጠረጴዛው ማይክ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ ከሳህንና ከማንኪያ አርቁት። ማይኩን መሃል አስቀምጣችሁ ከስድስት ሰው ጋር ለመነጋገር ሞክሩ አልልም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ ሲሆን ማይኩን ለሚናገረው እያቀበሉ መዞር ይሻላል። ማይክ ስጡኝ ማለት መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

"ማይኩ አፉ ሥር ነው፣ ዙሪያው ግን አሁንም ይጮኻል"

ደጋፊው ሲሠራ ብዙ ጊዜ የማሽኑ ማይክም አብሮ ክፍት ነው፤ ሁለቱ ይደባለቃሉ። በአፑ የአካባቢውን ድምፅ ዝቅ አድርጉት። አፑ ይህን ካልፈቀደ የመስማት ባለሙያው በኮምፒውተር መጠኑን ሊያስተካክለው ይችላል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ተቀምጣችሁ ስታዳምጡ ይሁን እንጂ መንገድ ላይ አይሁን፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና አይሰማችሁም።

ይህንንም አድርጋችሁ የሞተርና የአየር ማራገቢያ ዓይነት ወፍራም ጉምጉምታ አሁንም ከተሰማችሁ፣ ላስቲኩ ቀዳዳ የበዛበት ነው። በዚያ የሚገባውን ድምፅ የትኛውም መሣሪያ አያጣራውም፤ በመሣሪያው በኩል አላለፈማ። እንዲያውም በዚያው ቀዳዳ የንግግሩ ወፍራም ድምፅ ስለሚወጣ፣ ከማይኩ የሚመጣው ንግግር ቀጠን ብሎ ይሰማል። መፍትሄው ዘጋ ያለ ላስቲክ ወይም በጆሮ ልክ የተሠራ ሞልድ ነው። ዋጋው ግን አለው፦ የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደምታወሩ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ ሞክሩት።

"የሰው ድምፅ ሮቦት ይመስላል፣ ቃል ይበላል"

ስልኩ ያጣራዋል፣ ማሽኑ መልሶ ያጣራዋል። ሁለት ወንፊት ሲደራረብ ከጫጫታው ጋር "ስ"፣ "ፍ" እና "ት"ም ተጣርተው ይቀራሉ። አንዱን አጥፉ። እኔ የማሽኑን ዝቅ አድርጌ የደጋፊውን መካከለኛ ላይ እተወዋለሁ። ማጣሪያ ከፍተኛው ላይ ሲሆን ጥሩ የሚሆን ይመስለናል፣ ግን ንግግሩን ይጎዳዋል። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፦ ማጣሪያ የማያቋርጥ እሽታን በቀላሉ ይለያል። ከጎን ጠረጴዛ የሚያወራውን ሰው መለየት ግን ይከብደዋል፤ እሱም ንግግር ነውና። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት የተሻሉ ናቸው፣ ግን የትኛውን ሰው መስማት እንደምትፈልጉ በምን ያውቃሉ?

"ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ያስተጋባል"

የጆሮ ማሽን በአብዛኛው ድምፅን ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። በተራ ብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው በስልክ አፕ ስትሰሙት መጀመሪያ የራሱ ድምፅ በቀጥታ ይደርሳችኋል፣ ከዚያ የአፑ ይከተላል። የከንፈር እንቅስቃሴም ከድምፁ ጋር አይገጥምም። ስልክን እንደ ማይክ መጠቀም ራቅ ብሎ ለሚናገር አስተማሪ ይሻላል። ለቅርብ ወሬ ለማሽናችሁ ታስቦ የተሠራውን ማይክ ምረጡ፤ የራሱ የሬዲዮ መንገድ ስላለው መዘግየቱ ያነሰ ነው።

"ይቆራረጣል" እና "ዝዝዝ ይላል"

መቆራረጡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነታችን ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ሰውነታችን ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያንን ሞገድ ይውጠዋል። ስልኩን ከኋላ ኪስ አውጥታችሁ ፊት ለፊት ያዙት። ከማይክሮዌቭ ምድጃና ከዋይፋይ ሳጥን ራቁ። ባትሪም እዩ፤ ሲዳከም መጀመሪያ የሚወድቀው ግንኙነቱ ነው።

ዝዝታው በቴሌኮይል (ማሽኑ ውስጥ ባለች፣ ድምፅን በማግኔት ሞገድ በምትቀበል ትንሽ ጥቅል ሽቦ) ስታዳምጡ ከሆነ የመብራት መስመር ነው። ጭንቅላታችሁን አዙሩ፣ ወይም አንድ ሜትር ፈቀቅ በሉ። ዝዝታው ከተለወጠ ምክንያቱ ግድግዳው ውስጥ ያለ ሽቦ ወይም ትራንስፎርመር ነው፤ ቦታ ቀይሩ።

ምንም ካልሠራ የማሽኑን የኩክ መከላከያ ወንፊትና የማይኩን ቀዳዳ እዩ፤ ኩክና አቧራ ከደፈነው የትኛውም ማስተካከያ አይረዳም። በንጹህ መሣሪያም አንዱ ጆሯችሁ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሦስት ቀን ውስጥ፣ መስማቱ ከወደቀ ግን ይህ የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።