አዲስ የብሪታኒያ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ልትሰሙ ስትሄዱ፦ መቼ ይጨበጨባል? መቼ ዝም ይባላል?

ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ። ጧ፣ ጧ። ብቻዬን። ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት ሰዓት። ቫዮሊኖቹ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ሄደው ጠፉ፤ እኔም ያለቀ መሰለኝ። የኦርኬስትራው መሪ እጆች ግን ገና አየር ላይ ነበሩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ፤ ደግነቱ ፈገግ አሉ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትዋረዱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ እጅ እዩ። የድሮዎቹ ሲምፎኒዎች መጨረሻቸውን ከሩቅ ይናገራሉ። ጥሩምባው ይነፋል፣ ከበሮው ይደበደባል፣ ማንም አይሳሳትም። የዘመኑ የሙዚቃ ደራሲዎች ግን ብዙ ጊዜ ሥራቸውን በዝምታ መጨረስ ይወዳሉ፤ ያ ዝምታ ራሱ የሙዚቃው ክፍል ነው። ስለዚህ ጆሯችሁን አትመኑ። የመሪው እጅ ከፍ ብሎ ከቆመ አላለቀም። የቫዮሊን ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን ከአውታሩ ላይ ካላነሱ አላለቀም። መሪው እጁን አውርዶ ፊቱን ወደ ኦርኬስትራው እንዳዞረ ከቀረ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሊጀመር ነው። ወደ እናንተ ሲዞር ነው ያለቀው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ሌላው ሰው ይጀምር፤ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ በማጨብጨብ የተዋረደ ሰው አላየሁም።

በክፍሎቹ መሀል ማጨብጨብ ወንጀል አይደለም፣ እሱንም ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ታዳሚ በየክፍሉ መጨረሻ ያጨበጭብ ነበር። ዝምታው በኋላ የመጣ ሥርዓት ነው። ፕሮምስ ላይ፣ ማለትም በየበጋው አልበርት ሆል በሚደረገው የቢቢሲ የኮንሰርት ፌስቲቫል ላይ፣ ዛሬም በመሀል የሚያጨበጭብ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ነው፣ ይኼ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። ለማንኛውም በዚያች ክፍተት ውስጥ ሁሉም ሰው በጋራ ያስላል። እውነቴን ነው። ጉሮሯችሁን የያዘው ነገር ካለ ያኔ ልቀቁት።

ለጀማሪ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የምመክረው ይህንኑ ፕሮምስን ነው። በ1895 ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ቲኬቱ ይርከስ፣ ሰውም ቆሞ፣ እየተንጎራደደ ይስማ። ያኔ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ ይቻል ነበር፤ ዘፈን ሲዘፈን ብቻ ክብሪት እንዳይጭሩ ይለመኑ ነበር አሉ። አሁን ሲጋራው ቀርቷል፣ ቆሞ መስማቱ ግን አለ፤ በ2024 የቆሞ መስሚያው ቲኬት 8 ፓውንድ ነበር። ከመድረኩ ሥር ያለው ሜዳ አሬና ይባላል፣ ከላይ ጣሪያው ሥር ያለው ጋለሪ። የፒያኖው ክዳን ሲነሳ አሬና ያሉት "ሂቭ!" ብለው ይጮኻሉ፣ ጋለሪዎቹ "ሆ!" ብለው ይመልሳሉ። የመርከበኛ ጩኸት ነው። ይህን ስትሰሙ ጠብ ተነሳ ብላችሁ አትደንግጡ። ምቹ ጫማ አድርጉ እንጂ።

ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራሙን ገልጣችሁ ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ክፍል አለው? ያልተለመደ መሣሪያ አለበት? የደቂቃው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ትዕግሥት የሚያልቀው ሙዚቃው ስለከበደ ብቻ ሳይሆን መች እንደሚያልቅ ስለማናውቅ ጭምር ነው። የአና ክላይን "ማስከሬድ" 5 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሳታስቡት ያልቃል። የጆን ታቨነር "ዘ ፕሮቴክቲንግ ቬይል" ግን 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ቼሎው፣ ያ ቁጭ ተብሎ የሚመታው ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ እረፍት የለውም፣ እንደ ጸሎት ይዘምራል። በ1989 ፕሮምስ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ሕዝቡ በጣም ነው የወደደው። ዘመናዊ ማለት ጩኸት ብቻ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ይህንን አሰሙት።

አሁን ዋናው ነገር፦ እንዴት ይሰማል? ዜማ ስትፈልጉ አትድከሙ። አንድ ነገር ያዙና እሱን ተከተሉ። እኔ ከኋላ ያሉትን ከበሮ መቺዎች አያለሁ፤ ለረጅም ጊዜ ቆመው ይቆጥራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ አንዱ መዶሻ ያነሳል፣ እኔም ሆዴን ያዝ አደርጋለሁ። የቶማስ አዴስን "አሳይላ" ከሰማችሁ ደግሞ ሦስተኛውን ክፍል ጠብቁ። ናይት ክለብ በር ላይ ቆማችሁ የምትሰሙት ያ ደረት የሚመታ ድምፅ ኦርኬስትራው ውስጥ አለ። ሆን ተብሎ ከቃናው ትንሽ ዝቅ ተደርጎ የተቃኘ ፒያኖም አለበት፤ "ይኼ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?" ካላችሁ ጆሯችሁ ጤነኛ ነው።

የምታውቁትን ነገር የሰማችሁ ከመሰላችሁም ራሳችሁን አትጠራጠሩ። በ2010 የማርክ አንቶኒ ተርኔጅ "ሃመርድ አውት" ፕሮምስ ላይ ሲቀርብ "ይቺ የቢዮንሴ 'ሲንግል ሌዲስ' አይደለችም እንዴ?" ያሉ ነበሩ። እሷው ነበረች! ፈገግ ማለት ይቻላል። ከጎናችሁ ያለው ሰው ኮስተር ስላለ ብቻ ቀልድ የለም ማለት አይደለም።

ታሪክ ያለው ሥራ ከሆነ ታሪኩን አስቀድማችሁ እወቁ። የስኮትላንዱ ጄምስ ማክሚላን "ዘ ኮንፌሽን ኦቭ ኢዞቤል ጋውዲ" በ1662 ጠንቋይ ነኝ ብላ ስለተናዘዘች ሴት ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ መሀሉ ላይ ኦርኬስትራው ሰው እንደሚቀጠቅጥ ይቀጠቅጣል፤ መጨረሻው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፣ እያበጠች እያበጠች የምትሄድ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ጩኸቱን ብቻ ይዞ ይወጣል። በ1990 ሲሰማ አዳራሹ በጭብጨባ ነው የተናወጠው።

ካልወደዳችሁትስ? እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። በመጀመሪያ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ1969 የፒተር ማክስዌል ዴቪስ "ወርልደስ ብሊስ" ፕሮምስ ላይ ሲቀርብ ብዙ ሰው መሀል ላይ ተነስቶ ወጥቷል። በ1995 ደግሞ የሃሪሰን በርትዊስል "ፓኒክ" የፕሮምስ የመጨረሻ ምሽት ላይ ገባ። ያ ምሽት ባንዲራ የሚውለበለብበት፣ የሚዘፈንበት ነው፤ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል። በዚያ መሀል ሳክስፎንና ድራም እየተጯጯኹ 18 ደቂቃ ገደማ ሲሄዱ የቢቢሲ ስልክ በአቤቱታ ተጨናነቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሥራው አይደለም ጥፋቱ፣ ቦታው ነው። ሠርግ ቤት ሙሾ ቢወርድ ማን ይወዳል?

ስለዚህ ካልወደዳችሁት እንዲህ አድርጉ። መውጣት ከፈለጋችሁ ሥራው አልቆ ሌላው ሳይጀመር ውጡ። "ቡ" ማለት በብሪታኒያ የኦርኬስትራ ኮንሰርት ላይ እምብዛም አይሰማም፤ ብትሉ ሁሉም የሚዞረው ወደ እናንተ ነው። ለተጫዋቾቹ አጨብጭቡ፤ ያን ከባድ ነገር ተለማምደው አቅርበዋል፣ ደራሲውን ባትወዱም እነሱ ይገባቸዋል። እጅ አጣጥፎ መቀመጥም መብት ነው።

ከጭብጨባው መሀል አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። መሪው ወደ ታዳሚው እጁን ይዘረጋል፣ በዓይኑ ሰው ይፈልጋል። ያኔ ከሆነ ረድፍ አንድ ሰው ብድግ ይላል። ደራሲው ነው፣ ወይም ደራሲዋ። አንዴ ያየሁት ሰውዬ ፕሮግራሙን ጠቅልሎ እንደ ዱላ ይዞ፣ የኮቱን ቁልፍ እየፈለገ፣ የመድረኩ ደረጃ የት እንደሆነ ግራ ገብቶት ሲዞር አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች በደጋኗ ጠቆመችው። ሥራውን አልወደድኩትም ነበር፤ ግን ያን ሳይ አጨበጨብኩ። የሞተውን ቤትሆቨንን እንዲህ ማየት አይቻልም።

በእረፍት ሰዓት ደግሞ "እንዴት ነበር?" መባላችሁ አይቀርም። እንግሊዝ "ኢንተረስቲንግ" ካለ ብዙ ጊዜ አልወደደውም ማለት ነው፤ እናንተ ይህን ቃል ተዉት። የሰማችሁትን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ "ያ መዶሻ ሲወርድ ዘለልኩ" በሉ። አሬና ውስጥ ለዓመታት እየመጡ የቆሙ ሰዎች አሉ፤ ጠይቋቸው፣ ወሬ አይነፍጉም። ምንም አልገባኝም ማለትም ያስኬዳል። በ1958 የማይክል ቲፔት ሁለተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ኦርኬስትራው ራሱ ጠፍቶበት ቆመ። መሪው ኤድሪያን ቦልት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጥፋቱ የእኔ ነው አለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የመጨረሻው ምክሬ ሁለተኛ ጊዜ ስሙት ነው። አልበርት ሆል ድሮ የገደል ማሚቶ ነበረበት፤ በ1969 ከጣሪያው ሥር እንጉዳይ የሚመስሉ ትልልቅ ነገሮች ተሰቅለው ነው የቀነሰው። ከዚያ በፊት "የብሪታኒያ ደራሲ ሥራው ሁለት ጊዜ እንደሚሰማለት እርግጠኛ የሚሆንበት አዳራሽ ይህ ብቻ ነው" እየተባለ ይቀለድ ነበር። አሁን ለዚህ ሬዲዮ አለ፤ የፕሮምስ ኮንሰርቶች በቢቢሲ ሬዲዮ 3 በቀጥታ ይተላለፋሉ፣ ተቀድተውም ይቆያሉ። እኔም ያን ያጨበጨብኩበትን ሥራ በማግስቱ ኢርፎን ሰክቼ ደገምኩት። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ገባኝ። ቫዮሊኖቹ እየቀጠኑ ሄዱ፣ ጠፉ፣ ዝምታው መጣ። ከዚያ ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ፦ ጧ፣ ጧ።