አል በለድ ስትሄዱ ከግድግዳው ግርጌ ጀምሩ

ጅዳ ውስጥ በልስንና በቀለም ሥራ 11 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት ሆነው "ጅዳ ምን የሚታይ ነገር አለ?" ለሚሉኝም፣ እዚሁ እየኖሩ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ለሚመላለሱትም መልሴ አንድ ነው። አል በለድን እዩ እላለሁ። አሮጌው ከተማ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄዳል፣ የእንጨት መስኮቶቹን ፎቶ ያነሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ቤቱን ግን ሳያየው ነው የሚመለሰው። እኔ እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ።

ዓርብ ጠዋት ሂዱ። በእኛ አቆጣጠር ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገዱም ጭር ይላል። ፀሐይዋ ገና በሰያፍ ስለምትመታ የግድግዳው ጉድለት ሁሉ ይታያል። እኛም ሥራችንን የምንፈትሸው መብራት ከጎን አብርተን ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፣ እንደ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱና ወበቁ አያስቆምም። ኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) ያዙ። ሁለት ጠርሙስ ውሃም ያዙ። አንዱ ለመጠጥ ነው፣ ሌላው ሥራ አለው።

በምሥራቅ በኩል፣ በባብ መካ (በመካ በር) ግቡ። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው በኸሊፋ ዑስማን ዘመን፣ በ647 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከተማዋ በግንብ የታጠረች ነበረች፤ ግንቡ በ1947 ፈረሰ፣ ከዚያ በኋላ ከተማው ያለ ልክ ተዘረጋ። ውስጥ ስትገቡ መንገድ ይጠፋችኋል። አትጨነቁ። ሐረት አል ሻም የሚል ካያችሁ ሰሜን ናችሁ፣ በሶርያ በኩል። ሐረት አል የመን ካያችሁ ደቡብ ናችሁ። የሰፈሩ ስም አቅጣጫውን ይነግራችኋል።

አሁን አንድ ቤት ምረጡ፣ ያልታደሰ ቢሆን ይሻላል። ቁጢጥ በሉና ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ እዩ። ልስኑ በረገፈበት ቦታ ድንጋዩ ወጥቷል። ይህ ድንጋይ ከቀይ ባሕር የተቆረጠ ኮራል ነው፤ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት በረጅም ዘመን የገነቡት። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። አንዳንዱ ላይ የኮከብ ቅርፅ ታገኛላችሁ። ለአሠራር የተመቸ ነው፣ ቀላል ነው፣ በቀላሉ ይቆረጣል። ግን ውሃ ይጠጣል። ከጅዳ መሬት ሥር ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ጨዋማ ውሃ አለ። ውሃው በድንጋዩ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣና ይተናል። ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ግርጌው ላይ የምታዩት ነጭ ብናኝ እሱ ነው።

በመጣሁበት ዓመት ከሦስት ልጆች ጋር እዚሁ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አልጋዬ አጠገብ ያለው ግድግዳ ሌሊት ሌሊት ይረግፋል። ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሴ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ሙያው አለኝ ብዬ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁና ከአሸዋ ጋር አቡክቼ ለሰንኩት። አማረ። ጓደኞቼም አመሰገኑኝ። በስምንተኛው ወር ልስኑ ሆዱን ነፋ። አንድ ማታ የበር ግማሽ የሚያክል ሲሚንቶ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ የጣት ውፍረት ያለው ኮራል ይዞ ነው የወረደው። ከላይ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ግንበኛ ድምፁን ሰምተው መጡ። ቁራጩን አነሱና አገላብጠው አዩት። "አፉን ዘግተህበት ነው" አሉኝ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ሥራዬን ቀይሮታል። ሲሚንቶ ጠንካራና ድፍን ነው። እርጥበቱ በእሱ በኩል መውጣት ሲያቅተው ከኋላው ይታፈናል፤ ጨውም ድንጋዩ ውስጥ እየጠነከረ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ኖራ ግን ለስላሳ ነው፣ ያስተነፍሳል። ጨው ቢሰብር የሚሰብረው ኖራውን ነው። ኖራው ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ተፍቆ እንደገና ይለሰናል። ድሮ እንደዚያ ነበር የሚደረገው። ዓረቦቹ ኖራን "ኑራ" ነው የሚሉት። ሽማግሌው መጀመሪያ ስሙን ሲጠሩልኝ በአማርኛ ያወሩኝ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አውጡ። ጣታችሁን አርሱና ልስኑ ላይ አሳርፉት። ኖራ ከሆነ እርጥበቱን ወዲያው ይጠጣዋል፣ ቦታው ብቻ ይጠቁራል። ሲሚንቶ ከሆነ ውሃው ላዩ ላይ ይቆያል ወይም ይወርዳል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ቀጥሎ በጣታችሁ አንጓ ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉ። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ ልስኑ ከድንጋዩ ተለይቷል። እባካችሁ አትፋቁ፣ አትጎትቱ። ይዞ የሚወርደውን አይቼዋለሁ።

ይህ ስህተት የጅዳ ብቻ አይደለም። የጎንደር ፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠጋገነው። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። የጭቃ ቤት በሲሚንቶ አስለስኖ በዓመቱ የተሰነጠቀበት ሰው ካለም ነገሩን ያውቀዋል።

አሁን ቆማችሁ ግድግዳውን ወደ ላይ ተከተሉ። በየሜትሩ ገደማ አግድም የተጋደመ እንጨት ታያላችሁ። ተካሊል ይሉታል። ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል፤ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ግድግዳ እኛም አለን። ደብረ ዳሞም እንደዚያው ነው። እዚህ ሥራው ግልጽ ነው። ኮራል ድንጋይ ለስላሳ ነው፣ አራትና አምስት ፎቅ ብቻውን አይሸከምም። እንጨቱ ክብደቱን ያከፋፍላል፣ ግድግዳውን እንደ መቀነት ያስራል። ስንጥቅ ፈልጉ። ከታች ተነሥቶ እንጨቱ ጋ ሲደርስ የቆመ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። እንጨቱን አልፎ የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ ግን እንጨቱ በስብሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ሆዱን ከገፋ ደግሞ ከሥሩ ዞር በሉ። ይህን የምለው በቁም ነገር ነው፤ አል በለድ ውስጥ ቤት ይፈርሳል።

ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው መስኮት ሮሻን ይባላል። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ሳጥን ነው፣ አንዳንዱ ከታች እስከ ጣሪያ ተደራርቦ ይወጣል። እንጨቱ በአብዛኛው ቲክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው፣ ከሕንድና ከዚያም ማዶ በመርከብ የመጣ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የእንፋሎት መርከቦች በዙ፣ የጅዳ ነጋዴዎችም ሀብታም ሆኑ። ዛሬ የምናያቸው ረጃጅም ቤቶች የዚያ ገንዘብ ውጤት ናቸው። የመርከቡ መንገድ ስታይሉንም ይዞት ሄዷል። ምጽዋና ሱዳን ሱዋኪን ያሉት አሮጌ ቤቶች የእነዚህ ዘመዶች ናቸው።

ሮሻንን ለመረዳት ከሥሩ መቆም ይሻላል። መጀመሪያ ወደ ሰፊው የመኪና መንገድ ውጡና ሁለት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቁሙ። ከዚያ ወደ ጠባቡ መንገድ ተመለሱ። መዳፋችሁን በውሃ አርሱና ከፍ አድርጉ። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ቆዳችሁ ይነግራችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ፣ ከሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ቀና በሉ። ሮሻኖቹ የት እንደሚበዙ እዩ። ወጣ ማለታቸው ንፋሱን ከፊትም ከጎንም ለመያዝ ነው። የራሳቸው ጥላ ደግሞ ግድግዳውንም መንገዱንም ያለብሳል። እንጨቱ በቀጫጭን ክፍተት የተሠራ ስለሆነ አየር ይገባል፣ የመንገደኛ ዓይን አይገባም። የቤቱ ሴቶች ውስጥ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። የውሃ ማሰሮም እዚያው ንፋሱ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እንዲቀዘቅዝ።

እኔ በሳምንቱ ቀናት የምለስነው አዲስ አፓርታማ ምዕራብ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። ከሰዓት ፀሐይዋ ሰተት ብላ ትገባለች፣ ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) ሌት ተቀን ይጮኻል። የኤሲ ጠላት አይደለሁም፣ ነሐሴ ላይ ያለ እሱ አላድርም። ግን አንድ ወጣ ያለ ጥላ፣ አንድ ጠባብ መንገድ፣ አንድ ወፍራም ግድግዳ ስንት መብራት እንደሚቆጥብ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁት መሐንዲሶች ይህን ቆመው እንዲያዩት እመኛለሁ።

አሮጌው ቤት ላይም ኤሲ አለ። ሮሻኑ ተቆርጦ የተሰካ ኤሲ ስታዩ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። ውሃው በተንጠባጠበበት መስመር ልስኑ ጠቁሯል፣ እንጨቱ ለስልሷል። ቧንቧም እንደዚያው ነው። ጅዳ ድሮ የዝናብ ውሃ በጉድጓድ አጠራቅማ የምትኖር ከተማ ነበረች። ለትንሽ ውሃ የተሠራ ቤት ውስጥ ቧንቧና ሽንት ቤት በየፎቁ ሲገባ፣ የሚያፈሰው ሁሉ ኮራሉ ውስጥ ነው የሚገባው።

በእግራችሁ ወደ ሱቅ አል ዐለዊ፣ ወደ አሮጌው ገበያ ሂዱና ቤይት ነሲፍን፣ የነሲፍ ቤተሰብን ቤት እዩ። ግንባታው በ1872 ተጀምሮ በ1881 አለቀ። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ከተማዋን ሲይዙ ያረፉት እዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ዛፍ ለረጅም ጊዜ በከተማው ብቸኛው ዛፍ ነበር ይባላል። ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ደረጃውን እዩ፤ ግመል ጭነቱን ይዞ እስከ ላይ እንዲወጣ ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ሆኖ መሠራቱ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹን እዩ። የነዳጁ ገንዘብ ሲመጣ የቤቶቹ ባለቤቶች ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዱ። ቤቶቹን የተከራየነው እኛ ነን። የመናዊው፣ ሱዳናዊው፣ ፓኪስታኒው፣ ሐበሻው። "ሰፈሩን ያበላሹት ስደተኞች ናቸው" የሚል ወሬ እሰማለሁ። እኔ ራሴ ሲሚንቶ የለሰንኩ ሰው ስለሆንኩ በከፊል እቀበለዋለሁ። ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ በዚያው ሌሊት ባልዲ ይደረግበታል፣ ጠዋት አንድ ሰው ወጥቶ ይደፍነዋል። ባዶ ቤት ጣሪያው ላይ የዝናብ መውረጃው ይደፈናል፣ በአንድ ዓመት ዝናብ እንጨቱ ይበሰብሳል። በር ተከርችሞባቸው ከፈረሱት መካከል እኔ ቡና የጠጣሁባቸው አሉ።

ዩኔስኮ ሰፈሩን በ2014 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ2019 ለ56 ቤቶች እድሳት 50 ሚሊዮን ሪያል ተመደበ። ሥራው ከልቤ ያስደስተኛል። የታደሰ ቤት ስታገኙ ግን ቀለሙን ብቻ አትዩ። የተሰጣ ልብስ ፈልጉ። በር ላይ የሕፃን ጫማ ፈልጉ። ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸት እንደሆነ አሽትቱ። ሁሉ ነገር ሆቴልና ጋለሪ ከሆነ፣ ማታ ማታ ባልዲ የሚያስቀምጠው ማን እንደሚሆን አላውቅም። በር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ ሰላምታ ስጡ፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። "ተፈደል" (ኑ፣ ግቡ) ካሏችሁ ተቀመጡ። ስለ ቤቱ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መጨረሻ ላይ አንድ ቤት የራሳችሁ አድርጉ። ፎቶ የምታነሱበትን ቦታ ምልክት ያዙበት፣ በየዓመቱ እዚያው ቆማችሁ በዚያው ሰዓት አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት። የኔዋ ሐረት አል የመን ውስጥ ያለች ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ናት። ስድስት ፎቶ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ አራቱ ስንጥቁ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ይወጣል። በአምስተኛው በሯ ታሽጓል። ዘንድሮ ጥር ላይ ስሄድ ሮሻኗ ወርዶ እያንዳንዱ ጣውላ ቁጥር ተጽፎበት መሬት ላይ ተደርድሯል፣ ግርጌው ላይ ያለው ሲሚንቶ ተፍቋል፣ ጥግ ላይ በርሜል ሙሉ ኖራ በውሃ ተዘፍዝፏል። ጣቴን አርሼ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ጠጣው። ሰባተኛውን ፎቶ የፊታችን ጥር አነሳዋለሁ።