ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ሴሚስተር ሲጀምር የአይሲቲ ቢሮ ስልክ አያርፍም። ጎንደር ውስጥ የመምህራንን ኮምፒውተር የሚንከባከብ ሰው የሚመጣለትን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬ ሞቷል። ና ፎርማት አድርግልኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ አልሞተም። ችግሩ የሚታየው እሱ ላይ ይሁን እንጂ መነሻው ሶኬቱ ነው፣ ሰዓቱ ነው፣ ፍላሹ ነው ወይም ጎን ያለው ቢሮ ነው። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን፣ ግማሽ ቀን ይበላል። የመምህሩን ፋይልም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መነሻው ካልተነካ ደግሞ ችግሩ በሳምንቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ጎን ያለው ቢሮስ እንዲሁ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ብዙ መንገድ ያስኬዳል። ተማሪ ፊት የቆመ መምህር ከደወለ ግን ጥያቄም ወረፋም የለም፣ እሱ ጋ ይኬዳል። ዲኑም ቢሆን ይጠብቃል።

ኤልሲዲው (ፕሮጀክተሩ) ክፍለ ጊዜው መሃል ላይ ይጠፋል

ለግማሽ ሰዓት ደህና ይሠራል። ከዚያ የሙቀት ምልክቱ ይበራና ድርግም ይላል። መምህሩ «አምፖሉ ተቃጥሏል» ይላል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ከበራ አምፖሉ አልተቃጠለም፣ ፕሮጀክተሩ ራሱን ከሙቀት እያዳነ ነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ። በበጋ የጎንደር አቧራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙ ባለሙያም የሚያልፈው ነው። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነቱ ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የፕሮጀክተር መመሪያዎች ቦታው ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆነ «ሃይ አልቲቱድ» የሚለውን ማስተካከያ አብሩ ይላሉ። ዕቃው ከካርቶን ሲወጣ ይህ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው። ሜኑው ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ይጩህ። አዲስ ፕሮጀክተር ሲገባ ክፍል ውስጥ ከመሰቀሉ በፊት ይህን ማድረግ የሥራ ደንብ ቢሆን ጥሩ ነው።

ምስል ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ዱፕሊኬት» ምረጡ። ብዙ ጥሪ እዚህ ላይ ያልቃል።

«ኔትወርኩ ገብቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም»

ስሞታው ከአንድ ሰው ብቻ ከመጣ ላፕቶፑን እዩ። ኮሪደሩ በሙሉ ከጮኸ ግን ወደ አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኔትወርኩ ላይ ወደሚታወቅበት ቁጥር፣ ሂዱ።

በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ያልተነሳ ስዊች (የቢሮዎቹን ገመዶች የሚያገናኘው ሳጥን) ወይም የላላ ገመድ ፈልጉ። በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 ከጀመረና የግቢያችሁ አድራሻ እንዲህ ካልሆነ ግን፣ አንድ ሰው ራውተር ገዝቶ የቢሮው ኔትወርክ ላይ ሰክቷል። ክፋት የለበትም፣ ዋይፋዩ ቢሮው ድረስ ስለማይደርስለት ነው። ችግሩ የሰካበት ቀዳዳ ነው። ገመዱ «ላን» ከሚባሉት፣ ለኮምፒውተሮች ከተሠሩት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ከገባ ራውተሩ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል። አድራሻው ደግሞ የትም አያደርስም።

ለማግኘት፣ ኮምፒውተሩ ላይ «ጌትዌይ» ተብሎ የተመዘገበውን ቁጥር በብራውዘር ክፈቱ። የሚመጣው መግቢያ ገጽ የራውተሩን ብራንድ ይነግራችኋል። ከዚያ ቢሮ ለቢሮ መዞር ነው። ስዊቹ በሶፍትዌር የሚታዘዝ ከሆነ ግን የራውተሩ ማክ አድራሻ (የዕቃው መለያ ቁጥር) በየትኛው ፖርት እንደገባ ይነግራችኋል፣ እግራችሁ ያርፋል። ዲኤችሲፒ ማለት ይህ አድራሻ የማደል ሥራ ነው። «ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ» የሚባል መቆጣጠሪያ ያለው ስዊች ደግሞ ካበራችሁለት እንዲህ ዓይነቱን እደላ ራሱ ያግዳል።

ስታገኙት ነቅላችሁ ብቻ አትሂዱ። ነገ ተመልሶ ይሰካል። ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ እንደ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ) ብቻ ይሥራ፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይሰጠው፣ መዝገብ ላይ ይስፈር። ራውተር መውረስ መምህሩን ያስኮርፋል እንጂ ዋይፋዩን ቢሮው አያደርሰውም።

ድረ ገጽ ሁሉ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ያወጣል

ኢሜይልም፣ የውጤት ማስገቢያውም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ካለ ወደ ስክሪኑ ጥግ ተመልከቱ። ዓመቱ የተሳሳተ ነው። ክረምቱን ከሶኬት ተነቅሎ የከረመ አሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ትደክምና ቀኑን ይረሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይጥለዋል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲወሰድ አብሩ።

የእኛ አገር ጉዳይም አለ። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስተካክሉ አሉ። ስልካቸውን ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ብለው በእጃቸው 2፡00 ላይ የሚያደርጉ አሉ። የኦተንቲኬተር መተግበሪያ ለመግቢያ የሚጠየቀውን የአንድ ጊዜ ኮድ የሚያወጣው ከስልኩ ሰዓት ተነስቶ ነው። ስለዚህ ዶክተር «ኮዱ አልቀበል አለኝ» ካሉ፣ የይለፍ ቃሉን ከመቀየራችሁ በፊት ስልካቸውን ተቀብላችሁ ሰዓቱን እዩ። የኢትዮጵያን ሰዓት ለሚፈልጉ ለብቻው የሚያሳይ መተግበሪያ ይጫንላቸው፣ የስልኩ ሰዓት ግን አይነካ።

ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ይላል

ትናንት ሲሠራ የነበረ የኔትወርክ ፕሪንተር መብራት ከተመለሰ በኋላ ከጠፋ፣ አዲስ አድራሻ ወስዷል። ኮምፒውተሮቹ በድሮው አድራሻ ይጠሩታል። ቋሚ አድራሻ ስጡት፣ ነገሩ አለቀ። ወረፋው ላይ የተሰነቀረ ሥራ ካለ ደግሞ «ፕሪንት ስፑለር» የሚባለውን አገልግሎት አቁሙ፣ ወረፋውን አጽዱ፣ መልሳችሁ አስነሱ።

ፕሪንት ሲደረግ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ጮኾ የሚጠፋ ከሆነ ሌዘር ፕሪንተሩን ከዩፒኤሱ ላይ ንቀሉት። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። ፕሪንተሩ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ ዩፒኤሱ ለኮምፒውተሩና ለስዊቹ ይቅር።

ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኗል

ፈተናው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚመጣ በሽታ ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቶቹን አትክፈቱ። ጸረ ቫይረሱ በታደሰ ኮምፒውተር መጀመሪያ ስካን አድርጉ። ከዚያ የፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳያውን አብሩ። የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ፣ ይህ ካልተነሳ ፋይሎቹ አይታዩም። ሰነዶቹን ብቻ ቅዱ። ፎርማት የሚደረገው ያኔ ነው፣ እሱም ፍላሹ። ቫይረሱ የመጣበት ኮምፒውተር ካልጸዳ ግን ፍላሹ ነገ መልሶ ይታመማል።

የአማርኛ ፈተናው ተበላሽቶ ይከፈታል

ሁለት ዓይነት ነው። ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከሆነ፣ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። እነዚህ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱን ጫኑና ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ) አዛውሩ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬ በድሮው ለመጻፍ ምክንያት የለም።

ጽሑፉ ይነበባል ግን 4 ገጽ የነበረው 5 ከሆነ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኒያላን እንደ ተጨማሪ ነው የሚይዙት። ካልተጫነ በኤብሪማ ይተኩታል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። ለማተሚያ የሚሄድ ፈተና በፒዲኤፍ ይሂድ።

ኮምፒውተሩ ተጎተተ

ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ዲስኩ ሥራ ሳይኖር 100 በመቶ ላይ ከቆመና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት። ፎርማት ቢደረግ ለውጡ ብዙም አይቆይም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን ይቀበል እንደሆነ እዩ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይፈልጋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉት። ስካንም፣ ጥገናም፣ «አንዴ ልሞክር»ም የለም። መምህሩ የምርምር ዳታውን ሌላ ቦታ ማስቀመጡን ጠይቁት። ካላስቀመጠ ዲስኩ ተነቅሎ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ይሂድ፣ እስከዚያው መምህሩ በትርፍ ላፕቶፕ ይሥራ።