ሱባ ደን ገብታችሁ ጉሬዛና ድኩላ ለማየት

የእህቴ ልጅ ዐሥር ዓመቱ ነው። የጫካ ፊልም ይወዳል። የሚያየው ሁሉ ግን አማዞንና ኮንጎ ነው። አንድ ቀን «አክስቴ፣ እኛ ጋ ግን የለም አይደል?» አለኝ። አንጀቴን በላው። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ወለቴ ነው፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ስቆም የወጨጫ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ያለው እዚያው ተራራ ላይ ነው። በጥቅምት ይዤው ወጣሁ።

ሱባ ሞቃታማው ዝናባማ ደን አይደለም። የደጋ ደን ነው፤ የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ዝናባማውን ደን የሚፈልግ ካፋ፣ ሸካ ወይም ባሌ ውስጥ ሐረና ድረስ መሄድ አለበት። ካፋ በ2010፣ ሸካ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል፤ ቡና ከዛፎቹ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። እዚያ ለመሄድ ገንዘብም ቀናትም ያስፈልጋል። ሱባ ግን በአንድ ቅዳሜ ደርሶ መልስ ነው። ጉሬዛው ደግሞ እዚያም እዚህም ያው ጉሬዛ ነው።

ከአየር ጤና የሰበታን ታክሲ ያዙ። ከሰበታ በኋላ መንገዱ ጥርጊያና ዳገት ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ኮንትራት መያዝ ይሻላል። በክረምት አትሞክሩት። እኔ አንድ ነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር ሞክሬ፣ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ስንገፋ ውለን ደኑን ሳናይ ተመልሰናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። አራት ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው።

ልብስ ላይ አደራ። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ሳማው አይምርም። ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ነጭ ነጠላና ቀይ ሹራብ ቤት ይቅር፤ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይሁን። ቆሎና ውኃ በቂ ነው። ፌስታል ባዶውንም ቢሆን ይዛችሁ ተመለሱ።

አስጎብኚ ሳትይዙ አትግቡ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ምን ማየት እንደምትፈልጉም ንገሩት። እኛን የመሩን እዚያው አካባቢ ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ «አካም ቡልታኒ» ብለን ሰላም ስንላቸው ፊታቸው በራ። ገና ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር «ተቀመጡ» አሉን። የእህቴ ልጅ «ደከመዎት እንዴ ጋሼ?» አላቸው። «አይ ማሙሽ፣ እነሱ እስኪረሱን ነው» አሉት።

ከዚህ ሁሉ የምነግራችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ ሳትነጋገሩ ተቀመጡ። ስልክ ይጥፋ። የወፍ ድምፅ በስልክ ማጫወትም ይቅር፤ ወፏ ባላንጣ የመጣባት መስሏት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከላይ ቅጠል ይረግፋል። ቅርንጫፍ ይጎብጥና ሽው ይላል። ያኔ ጉሬዛ ነው።

እኔ ጥቁር ገላ ስፈልግ ነበር። ጋሼ «ጭራውን ፈልጊ ልጄ» አሉኝ። እውነትም እንደ ነጭ የፈትል ጉንጉን ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ጫፍ ላይ ይወጣሉ። ምግባቸው በብዛት ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ብዙ ጉልበት ስለማይሰጥ አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው ያሳልፉታል። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ የትም አይሄዱም። እጃቸውን ልብ በሉ፤ አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል። ዕድለኛ ከሆናችሁ እናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ፣ ከራስ እስከ ጭራው ነጭ የሆነ ግልገል ታያላችሁ። እኛ አንድ አየን። ልጁ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ትንፍሽ አላለም።

የምኒልክ ድኩላ ከዚህ ይከብዳል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል፣ ሴቷ ቀላ ትላለች። ጫካው ከሜዳ የሚገናኝበትን ዳር ምረጡ። አፈር ቆንጥራችሁ ልቀቁና ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እዩ፤ ከእናንተ ወደ እሱ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። እንደ ውሻ የሚጮህ ድምፅ ከሰማችሁ ቀድሞ አይቷችኋል። አትከተሉት። ቁሙ፤ አንዳንዴ ሊያጣራ መልሶ ብቅ ይላል።

በመሃል አንዲት አረንጓዴ ወፍ ከዛፍ ዛፍ ስትሻገር ክንፏ ደም መሰለ። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለው። ልጁ ይህን ሲሰማ ደብተሩን አወጣ።

ጽዶቹን እየነካችሁ እለፉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሏቸው ይባላል። ጋሼ ታሪኩን ሲያወሩ እጃቸው ግንዱ ላይ ነበር። እኔም እጄን አጠገባቸው አሳረፍኩ።

ስትወጡ አስጎብኚያችሁን ሰሞኑን ምን እንዳዩ ጠይቋቸው። የኛ ጋሼ ከሦስት ቀን በፊት ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ የነብር ዱካ አይተው ነበር። ቦታው ድረስ ወሰዱን። ዱካው ጠፍቷል። የእህቴ ልጅ ግን ተንበርክኮ መሬቱን ብዙ አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ «በየትኛው ቅዳሜ ነው የምንመለሰው?» አለ።