የትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ በዓልን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሰኔ መጨረሻ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ያዘጋጃሉ። ድንኳን ይተከላል፣ ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃውን ይለቃል፣ ተሸላሚ ይጠራል። በዕለቱ መድረክ ላይ የሚታየው ትርምስ ግን አብዛኛው ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት የተጠነሰሰ ነው። ደግመው ደጋግመው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ቀኑን ከሮስተሩ (ከክፍሉ የውጤትና የደረጃ መዝገብ) በፊት መቁረጥ

የክብር እንግዳው ተጠርቶ፣ ድንኳኑ ተከራይቶ መምህሩ ገና ፈተና እያረመ ከሆነ ደረጃ የሚወጣው በጥድፊያ ነው። ከመጨረሻው ፈተና እስከ በዓሉ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ያስፈልጋል፦ አምስቱ ለእርማትና ማርክ ሊስት ለማስረከብ፣ ሦስቱ ሆም ሩም መምህራን (የየክፍሉ ኃላፊዎች) ሮስተር እንዲሞሉ፣ ሁለቱ ለማመሳከርና ለሰርተፍኬት። ከዚህ ካነሰ ተሸልሞ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ ሰኞ ተጠርቶ «ስህተት ነበር» ይባላል። ይህን የሰማ ወላጅ ለዓመታት አይረሳውም።

ስሌቱ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች የታወቁ ናቸው። ሮስተሩ በኤክሴል ከተሠራ አንደኛው ባዶ ሕዋስ ነው፤ የአማካይ ቀመሩ ባዶውን ይዘለዋል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ውጤቱ ያልገባለት ተማሪ አማካዩ ሳይገባው ከፍ ሊል ይችላል። ሁለተኛው ማጠጋጋት ነው። 93.6 እና 94.4 ሁለቱም 94 ተብለው ሲጻፉ የሌለ እኩልነት ይፈጠራል፤ ደረጃ እስኪወጣ ድረስ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይቆይ። ሦስተኛው በድምር ማወዳደር ነው። በሕክምና ማስረጃ ከስፖርት ትምህርት ነፃ የሆነ ተማሪ በድምር ሲታይ ይጎዳል፣ በአማካይ ሲታይ ግን አይጎዳም። 11ኛና 12ኛ ላይ ደግሞ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን በአንድ ደረጃ መደርደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለት ተማሪ በእርግጥ እኩል ከሆነ ሁለቱም አንደኛ ይባላሉ፣ ቀጣዩ ሦስተኛ ይሆናል። ለዚህም ከተሸላሚው ቁጥር በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሽልማት በመጠባበቂያነት ይገዛ። የየሴክሽኑን የመጀመሪያ አምስት ተማሪዎች ውጤት ሌላ መምህር እንደገና ይደምረው፤ ከዚያም ውጤቱ ለየተማሪው ይታይ። «የኔ ፊዚክስ ተሳስቷል» የሚለው አቤቱታ ከበዓሉ በፊት ቢመጣ ይሻላል።

12ኛ ክፍልን ገና ሳይፈተኑ «አለፉ» ማለት

ጋዋን ተከራይቶ፣ «ወደ ዩኒቨርሲቲ እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ባነር ሰቅሎ መድመቅ ልማድ ሆኗል። ብሔራዊ ፈተናው ግን በቅርብ ዓመታት የሚሰጠው በዚያው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው፣ ውጤቱም ከጳጉሜን በፊት አይታወቅም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በእነዚህ ቁጥሮች ፊት ያ ባነር ለልጁም ለቤተሰቡም ዕዳ ነው። ሰኔ ላይ የሚከበረው ልጆቹ 12ኛን ማጠናቀቃቸው ነው፤ ባነሩም ይህንኑ ይበል። ያለፉትን ለማክበር መስከረም አለ፤ የግማሽ ቀን ዝግጅት ይበቃል።

ለጋዋን፣ ለቲሸርትና ለመጽሔት የሚሰበሰበው መዋጮም በዝርዝር ተጽፎ ይለጠፍ። መክፈል ያልቻለ ልጅ ከሰልፉ የሚቀር ከሆነ በዓሉ የትምህርት ቤቱ መሆኑ ቀርቷል።

ከዚሁ ጋር ርዕሰ መምህሩ በሪፖርቱ «98 በመቶ አሳልፈናል» ሲል ወላጅ ብሔራዊ ፈተናውን ያስባል፤ የተባለው ግን ከክፍል ወደ ክፍል መዛወር ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይነገሩ፦ ካቻምና ስንት ተፈተነ፣ ስንቱ 50 በመቶ አመጣ፣ ዓምናስ?

ደረጃን ብቻ መሸለም

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ሲሸለም 57ቱ ቀኑን ሙሉ ያጨበጭባሉ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ብዙ ያሻሻለ፣ አንድም ቀን ያልቀረ፣ ክበብ የመራ፣ ለወረዳ ውድድር የተሰለፈ ይጠራ። መሻሻልን በነጥብ ብቻ ስንለካ 92 ላይ ያለች ልጅ 15 ነጥብ የምትጨምርበት ቦታ የላትም፤ ይህ ሽልማት በአንደኛው ሴሚስተር ከ75 በታች ለነበሩት ብቻ ቢሆን ፍትሐዊ ነው። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም አይረሱ።

ሽልማቱ መጽሐፍ ከሆነ የሚቀጥለው ክፍል ይሁን። ከ11ኛ ለሚወጣ ልጅ የ11ኛ አጋዥ መጽሐፍ ምን ይሠራለታል?

ሰዓቱን ለእንግዳና ለዝናብ መተው

በደጋው አካባቢ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይከብዳል። ጠዋት 2:30 ተጀምሮ 5:30 ላይ ማለቅ አለበት። የክብር እንግዳው ቢዘገይ በተማሪዎች ትርዒት ይጀመር፤ ንግግሩ ሲደርስ ይገባል። ንግግር ከሦስት አይብለጥ፣ እያንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ።

የሽልማቱን ሰዓት ቀድሞ ማስላት ይቻላል። 16 ሴክሽን በሦስት ተሸላሚ 48 ልጅ ነው። በየተራ ከመቀመጫ እየተነሱ ቢመጡና ፎቶ ቢነሱ ለአንዱ አንድ ደቂቃ፣ በጠቅላላው 48 ደቂቃ ይሄዳል። ቀጣዩ ሴክሽን መድረኩ ሥር ተሰልፎ ቢጠብቅና ሦስቱ አብረው ፎቶ ቢነሱ 20 ደቂቃ አይሞላም።

መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ነዳጁ ተሞልቶ ይቁም። የኤሌክትሪክ ገመድ መጋጠሚያ እርጥብ ሣር ላይ አይተኛ፣ ጡብ ላይ ከፍ ይበል።

ሪፖርት ካርድን ከበዓሉ ጋር መቀላቀል

ካርድ ቀድሞ ከታደለ ወላጅ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ድንኳኑ ባዶ ይቀራል። «ባለበት ይደግማል» የተባለውን በማይክራፎን ማንበብ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ካርድ ከበዓሉ በኋላ በየክፍሉ፣ በሆም ሩም መምህሩ እጅ ለወላጅ ይሰጥ።

ስምና ማህተም

የሰርተፍኬቱ ስም ከተማሪው ማህደር ይገልበጥ፤ «ኃይሉ» «ሀይሉ»፣ «ሠናይት» «ሰናይት» ሆኖ ቢታተም ልጅቷ ወይም ልጁ ሰርተፍኬቱን ለማስረጃ ሲያቀርቡ ችግር ያመጣል። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ባለቤቱ አይቶ ይፈርም። ፊርማና ማህተም ከዋዜማው በፊት ይለቅ፤ አሥር ያህል ባዶ ሰርተፍኬትም ይትረፍ።

ፎቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ከመለጠፉ በፊት ወላጅ ይፍቀድ። ያልመጣ ተሸላሚ ሽልማቱ ስሙ ተጽፎበት በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፣ ሲወስድም በመረከቢያ ቅጽ ይፈርም።